«ይውደም» ሲባል «አሚን»

ባለፈው ጥቅምት ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ለቅሶ ደርሼ ነበር። የሞተው ሰው አሰፋ ይባላል፤ በደርግ ጊዜ ካድሬ ነበር፣ አንድ ቀን ከእጁ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። ድንኳኑ ውስጥ ቄሱ ጸሎታቸውን ሲጨርሱ አንድ ሽማግሌ ዱዓ ጀመሩ። ክርስቲያኑም እስላሙም መዳፉን ዘርግቶ «አሚን» ሲል ያ ቀን ፊቴ ድቅን አለ።

ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ የመሠረተ ትምህርት አስተማሪ ነበርኩ። የማስተምረው ሐይቁ ዳር፣ ዋርካ ሥር ነው። ወቅቱ ማሽላ የሚያሽትበት ስለነበር ገበሬዎቹ የተጠበሰ እሸት ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ እኔም ከፊደሉ ይልቅ እሸቱ ላይ ሳልበረታ አልቀረሁም። አሰፋ ትምህርቱን ሊመረምር እንደሚመጣ ሲነገረኝ ግን እሸቱን ትቼ መፈክር ማስጠናት ያዝኩ። ካድሬ «ፀረ አብዮት» ያለው ሰው የት ገባ ተብሎ አይጠየቅም ነበር።

መጣ። የአውሮፓ ኃያላን ዓለምን እንዴት እንደተቀራመቱ፣ ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ወዲህም እንዴት እየተዳከሙ እንደሄዱ ከወረቀት አነበበ። ከዚያ ግራ እጁን ጨብጦ አነሳና «ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» አለ። ተማሪዎቼ ያስጠናኋቸውን «ይውደም» ትተው መዳፋቸውን ዘርግተው በአንድ ድምፅ «አሚን» አሉ። ወሎ ውስጥ እርግማንም ሆነ ምርቃት አሚን ሳይባል አይታለፍማ።

አሰፋ ወደ እኔ ዞረ። አብዮቱን መቀለጃ ያደረግሽው አንቺ ነሽ ወይ አለኝ።

ይሄኔ ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሐጂ ይመር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ። ልጅቱን ተዋት አሉት። በወጣትነታቸው ለሐጅ ወጥተው፣ መመለሻ አጥተው፣ ግብፅ ስዊዝ ወደብ የመርከብ ከሰል ተሸካሚ ሆነው እንደነበር አጫወቱን። ነጩ አለቃቸው ቀና ብለው እንዲያዩት እንኳ አይፈቅድም ነበር። አንድ ቀን አሰፋ ከጠራው ከዚያ የዓለም ጦርነት ቁስለኛ የጫነ መርከብ መጣ።

«ያን ቀን ቀና ብዬ አየሁ» አሉ ሐጂ። «ነጭ የሚሞት አይመስለኝም ነበር። አንዱ፣ ጢም እንኳ ያላበቀለ ልጅ፣ ውሃ ለመነኝ። ጣሳውን ብሰጠው እጁ ተንቀጥቅጦ መያዝ አቃተው፤ እኔው አጠጣሁት። ዱንያን የያዘ እጅ፣ ወላሂ፣ አንድ ጣሳ ውሃ ከበደው። የእነዚህ ሰዎች ጊዜ አለፈ አልኩ በሆዴ።»

ያን ሁሉ ወር ሀ ሁ ሳስቆጥራቸው የነበሩት ሰው የዓለምን መገልበጥ በዓይናቸው ያዩ ኖሯል። እኔ ከወረቀት ነበር የማውቀው።

ሐጂ ወደ አሰፋ ዞሩ። «የወደቀ አይረገምም፣ ልጄ። ይልቅ እጃችን ሳይዝል ለተጠማ የምናቀብል ያርገን።»

«አሚን» አሉ ሁሉም። የአሰፋ ግራ እጅ ገና እንደተጨበጠ ነበር። እሱም የወሎ፣ የአምባሰል ልጅ አይደል፤ ጣቶቹ ቀስ ብለው ተፈቱ፣ ሌላው መዳፉም ተጨመረ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። እኔን ዳግመኛ አልጠየቀኝም።

የእሱም ጊዜ አለፈ። ታሰረ፣ ተፈታ፣ አረጀ። ለቅሶው ላይ ልጁ እንደነገረችኝ በመጨረሻው ሰሞን ብርጭቆ መያዝ አቅቶት ውሃ የምታጠጣው እሷ ነበረች። ሽማግሌው ዱዓቸውን ሲያሳርጉ መዳፌን ዘረጋሁ። ይቅር ብዬው ይሁን የእኔም እጅ የሚዝልበትን ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ «አሚን» ያልኩት ግን ከልቤ ነው።