የአሰቦት ሜዳ ስንጥቅ

ባለቤቴ ቀያሽ ነበር። በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ወደ አሰበ ተፈሪ ስንዛወር መንገድ ሊቀይስ መስሎኝ ነበር፤ በዓመቱ ግን ለአንድ ፈረንጅ ረዳት ሆኖ ተመደበ። ፈረንጁ የሚያጠናው የመሬትን ስብራት ነው። ከጨርጨር ተራሮች ግርጌ አገሩ ለምን እንደ ደረጃ ቁልቁል እንደ ወረደ፣ የአሰቦት ሜዳ ከመቼ ጀምሮ እየሰመጠ እንደ መጣ ለማወቅ ከድንጋይ ድንጋይ ሲዞር ይውላል።

ባለቤቴ እራት ላይ ይህንኑ ይተርክልኛል። አንድ ቀን ከተራራው ላይ ያመጣውን፣ ድንጋይ ሆኖ የቀረ የባሕር ቀንድ አውጣ አሳየኝ። ይህ አገር ድሮ ባሕር ነበር አለኝ፤ መሬቱ መሰንጠቁን ካላቆመም ቀይ ባሕር በአፋር በኩል ይገባል።

«መቼ?» አልኩት፤ ጉርሻዬን እንደያዝኩ።

«ሚሊዮን ዓመት ይፈጃል» ብሎ ሳቀብኝ።

እሱን ሚሊዮኑ አጽናናው፤ እኔ ግን የሰማሁት «ይገባል» የሚለውን ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ የቆምኩበትን መሬት እንኳ አላምነውም። «ፈሪ ለእናቱ» ይባላል፤ የእኔ ፍርሃት ግን ለባሌም ይተርፍ ነበር።

በዚያው ክረምት ሜዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ ተከፈተ። አፉ ጠባብ ነው፤ ጥልቀቱ ግን ከቤት ቁመት ይበልጣል። ፈረንጁ ደስታውን አልቻለውም፤ ሳይቆፍር የመሬቱን ሆድ አየ። እሱ ወፍራም ስለሆነ አያሾልከውም፤ ስለዚህ ባለቤቴን ብብቱ ሥር በገመድ እያሰሩ ያወርዱታል፤ ከየንብብሩ አፈር እየዘገነ ያወጣለታል። ይህን የነገረኝ ባለቤቴ አይደለም፤ ከሰው ነው የሰማሁት። ተቆጥቼ ስጠይቀው «ሰማዩን አይተን ነው የምንወርደው። ደመና ካለ ማንም አይገባም» አለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ጊዜ ልቤ ትንሽ አረፈ።

ሁለቱም ለአገሩ እንግዳ ነበሩ። ሰማይ የሚሉት ከራሳቸው በላይ ያለውን ነው፤ የሜዳው ጎርፍ ግን ከሜዳው ሰማይ አይመጣም።

ይህን የተማርኩት አንድ ረፋድ ላይ ነው። ከሜዳው በላይ፣ ተራራው ላይ ባለችው አሰበ ተፈሪ ያልታሰበ ዝናብ ወረደ። ጫት የምትሸጥ ጎረቤቴ ጫቷን በጆንያ ሸፍና በረንዳዬ ላይ ተጠለለች። በመንገዱ ቁልቁል የሚጋልበውን ቀይ ውሃ አየችና «ዛሬ ሜዳ ሎላ ይወርዳል» አለች። ሎላ በአገሬው ቋንቋ ጎርፍ ነው። «እዚያ ፀሐይ ነው፣ ሰው አያውቅም። ወላሂ፣ ግመል ራሱ ይወስዳል።»

ባለቤቴ በማለዳ ወደ ስንጥቁ ሄዷል። እሷን እዚያው ትቼ በዝናቡ ውስጥ ወደ ስልክ ቤት ሮጥኩ።

ከብዙ ልመና በኋላ ሜዳው አጠገብ ያለው የሚኤሶ ስልክ ቤት ተገኘ። ያነሳው ሰው አነጋገሩ የጎጃም ነው፤ እሱም እንደኛ ተዛውሮ የመጣ።

«ጎርፍ እየመጣ ነው፤ ባለቤቴ አሰቦት ሜዳ ስንጥቁ ውስጥ ነው፤ ሰው ይላክልኝ» አልኩት።

«እሜቴ፣ እዚህ ፀሐዩ አናት ይበሳል። የምን ጎርፍ ታይቶዎት ነው?»

«እዚህ እየዘነበ ነው!»

«እዚያ ከዘነበ እዚያ ጥላ ይያዙ እንጂ» ብሎ ሳቀ። አለቀስኩበት። ሳቁን ሲያቆም ይሰማኛል። «እንግዲያው ወደዚያ የሚሄድ የጭነት መኪና አለ፣ ለሾፌሩ...» ሲል መስመሩ ተቋረጠ።

ይንገረው አይንገረው አላወቅሁም። ቤቴ ገብቼ እርጥብ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ተቀመጥኩ። ባሕሩ ሚሊዮን ዓመት መጠበቁን ትቶ ዛሬውኑ በዚያች ጠባብ አፍ ሲገባ ይታየኝ ነበር። ያን ያህል ፈርቼ አላውቅም። ዝናቡ ሲያባራ እንኳ ደስ አላለኝም፤ የዘነበው ውሃ ገና መንገድ ላይ ነውና።

አመሻሹ ላይ ባለቤቴ በሩን ከፍቶ ገባ፤ እየሳቀ።

«አሳፈርሽኝ እኮ! እኛ ወጥተን ምሳችንን ስንበላ ሾፌሩ ‹ሚስትህ አበደች› እያለ መጣ። ጎርፉስ መጣ፤ ስንጥቁ ጥርግ አድርጎ ጠጣው። ፈረንጁ እንዴት እንደተደሰተ ብታይ!»

እኔም ሳቅሁ፤ አምላኬንም አመሰገንኩ። እራት ሳቀርብ ሸሚዙን አወለቀ። ከሁለቱ ብብቶቹ ሥር እስከ ጀርባው ድረስ ገመድ ቆዳውን ልጦት ደም አዝሏል። ፀጉሩን ታጥቦት ነበር፤ ጆሮው ውስጥ ግን ጭቃ ነበረ።

ቅቤ አቅልጬ ቀባሁለት። እጄ ሲነካው ይሸማቀቃል።

«ነገ ትሄዳለህ?» አልኩት።

«እሄዳለሁ።»

ፊቱን አላዞረም። ቀብቼ ስጨርስ ሸሚዙን እያነሳ፣ ቀስ ብሎ፣ «እዚህ ከዘነበ ግን ደውዪ» አለኝ።