ሐጂ ይመር ቤት ያልዞረው ማራገቢያ

ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። የሳሎኑ የጣሪያ ማራገቢያ ሪሞቱን ቢጫኑት ቢጫኑት አልሰማ አለ። ልጄ ከጎረቤት መሰላል ሊያመጣ ሲነሳ፣ «ቆይ እስቲ፣ መጀመሪያ የሪሞቱን ባትሪ ድንጋይ ቀይር» አልኩት። ቀየረው፤ ዞረ። «እንዴት አወቅሽ?» ሲለኝ ሳቄ መጣ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ኤሌክትሪክ ተምሬ ደሴ ፒያሳ አንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ብቀጠርም፣ አምፖል ከመሸጥ በቀር ሥራ የሚሰጠኝ አልነበረም። ሴት ልጅ መሰላል ላይ ስትወጣ ማን አይቶ! አንድ የሰኔ ቀን ግን ወንዶቹ ሁሉ ሌላ ቦታ ስለሄዱ አለቃዬ ጠራኝ።

«ኮምቦልቻ ሐጂ ይመር ቤት ቬንትሌተር አልሠራ ብሏል። ሠርተሽ ከመጣሽ ከነገ ጀምሮ ከወንዶቹ ጋር ትወጫለሽ። ካልሆነ አምፖልሽን ትሸጫለሽ።»

ደሴ በጭጋግ ተሸፍና ነበርና ሹራብ ደርቤ ወጣሁ። ሚኒባሱ የሐረጎን ቁልቁለት እየተጠማዘዘ ሲወርድ ሹራቡም ወለቀ፣ መስኮቱም ተከፈተ። እውነቱን ለመናገር ማራገቢያ ነክቼ አላውቅም ነበር፤ የደሴን ሰው ብርድ እንጂ ሙቀት መቼ ቸግሮት።

ሐጂ ይመር ከላይ እስከ ታች አዩኝና፣ «ወንድ ጠፍቶ ነው?» አሉ። ቬንትሌተሩን የላከችላቸው ጂዳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጃቸው ራህማ ናት፤ ለጎረቤት ለማሳየት ቸኩለዋል። ሚስታቸው እማማ ዘሃራ ግን ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት እርጎ ሰጥተውኝ ጥግ ይዘው ተቀመጡ። እኔ እንደ ዐዋቂ መታየት አማረኝና እርጎዬን ጨልጬ በቀጥታ መሰላሉ ላይ ወጣሁ። ሽፋኑን ፈታሁ፣ ሽቦውን በቴስተር ነካካሁ፤ መብራቱ ደህና ይደርሳል። ላብ ዐይኔ ውስጥ እየገባ መልሼ ገጠምኩት። ሪሞቱን መክፈት ትዝ ያለኝ ሐጂ ለዐስር ሶላት መስጊድ ከወጡ በኋላ ነው።

ከውስጡ የወጡት ሁለት ድንጋዮች ያረጁ ናቸው፤ ያውም የጥርስ ምልክት አለባቸው። ያለቀ የሬዲዮ ድንጋይ ነከስ አድርጎ ትንሽ ማሠራት ያኔ የየቤቱ ዘዴ ነበር። ከጂዳ በመጣ አዲስ ሪሞት ውስጥ ግን ምን ይሠራል? ቀና ስል እማማ ዘሃራ የሻሻቸውን ጫፍ ቋጠሮ እየፈቱ ነው። ሁለት አዳዲስ ድንጋዮች አወጡ።

«ወላሂ ልጄ፣ የቀየርኩት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ራህማዬ እዚያ በሰው ምድጃ እየነደደች እኔን እዚህ ንፋስ ሊነፋብኝ? ለዐረፋ ትመጣለች። እሷው ራሷ ትክፈተው ብዬ ነይቻለሁ፣ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ። ለሐጂ እንዳትነግሪብኝ፣ ይስቁብኛል።»

አዲሶቹን ከትቼ አንዴ መጫን ብቻ ነበር የቀረኝ። ሆዴ እሺ አላለኝም። የተነከሱትን መልሼ ከተትኳቸው።

ሐጂ ሲመለሱ፣ «አልሆነልኝም አባባ» አልኳቸው። «እኔስ ብዬ ነበር» አሉ፣ ሳይቆጡ። እማማ ዘሃራ እስከ በር ሸኝተውኝ፣ «አብሽሪ፣ አላህ ይወፍቅሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ» እያሉ እጄን አልለቅ አሉ። ሐረጎን ስንወጣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። አለቃዬም ቃሉን አላጠፈም፤ አንድ ዓመት ሙሉ አምፖል ሸጥኩ።

ለዐረፋ እማማ ዘሃራ ሰው ልከው አስጠሩኝ። ቤቱ በዘመድ በጎረቤት ሞልቷል። ራህማ ከሳ ብላ፣ እጇ ላይ የምድጃ ጠባሳ ይዛ ነው የመጣችው። እማማ ዘሃራ አዲሶቹን ድንጋዮች የከተቱበትን ሪሞት ሰጧት፤ ተጫነችው። ክንፎቹ ቀስ ብለው ጀመሩ፣ ከዚያ ፈጠኑ። እማማ ዘሃራ ፊታቸውን ወደ ንፋሱ ቀና አድርገው ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ሐጂ ግን ጉልበታቸውን በጥፊ መትተው፣ «አያችሁ! የተማረችዋን ያቃታትን የኔ ልጅ በአንድ ጣት!» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ከልቤ ነው የሳቅሁት።

ከዚያ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ ስንት ቤት መብራት አስገብቻለሁ። የዚያን ዕለቱን ያህል ደስ ያለኝ ግን ትዝ አይለኝም። ሐጂ እስኪሞቱ ድረስ ባገኙኝ ቁጥር በዚያው ነገር ይቀልዱብኝ ነበር።

ልጄ ይህን ሲሰማ ተናደደልኝ። «በኋላስ እውነቱን አልነገርሻቸውም?»

«ምን ብዬ?» አልኩት። «የሠራችው ልጅዎ አይደለችም ልበላቸው?»