ሁለተኛውን ፈልግ

ያቺ ኮረብታ ስም አልነበራትም፤ ቁጥር ብቻ ነበር የሰጧት። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትእዛዝ መጣ፦ የመቶው ጦር እስከ ሦስት ሰዓት ጫፏ ላይ ይድረስ። እኛ አምስት ፈንጂ አምካኞች ቀድመን መንገድ እንጠርጋለን። «ፍጠኑ!» ተባልን። ፈንጂ ላይ ፍጠን ይባላል? ሳስበው ዛሬም ደሜ ይፈላል።

በቡድናችን አንድ ልማድ ነበር። ፈንጂ ያገኘ ሰው «አገኘሁ!» ይላል፤ አስር አለቃ ታደሰ አንድ ሲጋራ ይሸልመዋል። ይህን የተረገመ ልማድ ማን እንዳመጣው አላውቅም። እኔም ግን እወደው ነበር፤ አልዋሽም።

በእንብርክካችን ወጣን። ዓይን ሎሌ ነው፤ ጭንቅላት የላከውን ብቻ ነው የሚያመጣው። ሽቦ ፈልግ ካልከው ሽቦ ያያል፤ የተቆፈረ አፈር ካልከው አፈር ያያል። ላኪው «በቃ፣ ተገኘ» ያለ ቀን ደግሞ ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ለስላሳ አፈር አየሁ። ጫርኩት። ፈንጂ ነው። «አገኘሁ!» አልኩ፤ አመከንኩት። ከዚያስ? ዙሪያዬን አየሁ? የት አባቴ! ቀና ብዬ የአስር አለቃውን እጅ አየሁ፤ ወደ ኪሱ ሲገባ።

ደረጀ አብሮ አደጌ ነው፣ የቂርቆስ ልጅ። «ግማሹን ተውልኝ፣ አንተ ስስታም!» እያለ ከአስር አለቃው ጋር መጣ። እኔ ስለቆምኩ መንገዱ የተጠረገ መስሎታል። ሁለተኛው ፈንጂ ከመጀመሪያው ሦስት እርምጃ አይርቅም ነበር። አፈሩም ያው ለስላሳ አፈር ነው። እግራቸው ሥር ፈነዳ። እኔ አንድ ጆሮዬን አጣሁ።

ስመለስ የደረጀ እናት ዘንድ ሄድኩ፣ ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ። «እንዴት ሆኖ ነው ልጄ?» አሉኝ። «ቀኑ ደርሶ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ሰው ሁሉ እንደዚያ ይላል። ምን ቀን! ፈሪ ነበርኩ።

አሁን ካዛንቺስ አንድ ሕንፃ በር ላይ ፈታሽ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ጎረምሳ ቦርሳ ቢላ አወጣሁ። «ፋዘር፣ አገኙት አይደል? በቃ፣ ሚቲንግ ረፍዶብኛል!» አለኝ። «አንዱን ነው ያገኘሁት! ክፈት!» ብዬ ጮህኩበት። ቦርሳው ውስጥ ሌላ ነገር አልነበረም። እኔ ግን ባዶውን ቦርሳ ደግሜ ፈተሽኩት።

ከሥራ ስወጣ በቀጥታ እማማ ዘንድ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አፈሩን፣ ዓይኔን፣ ሲጋራውን። እንዲሰድቡኝ ፈልጌ ነበር።

«ሲጋራ ያጨስ ነበር እንዴ?» አሉኝ። «እኔን ደብቆኝ?»

«አዎ እማማ። እርስዎን ይፈራ ነበር» አልኳቸው። ያን ጊዜ አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ።

ከዚያች ኮረብታ ሥር ሁለት ሰው ቀበርን፦ ደረጀንና አስር አለቃ ታደሰን። ቀናቸው አልደረሰም ነበር።