ስሙ የማይጠራው ሽማግሌ

ጅማ አጠገብ ባለችው ሰቃ ሰው ሲያመው መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ያልተሻለው ወይም ወረፋው ያሰለቸው ደግሞ መድኃኒት አዋቂዋ አዴ ዘይቡ ደጅ ይመጣል። እሳቸውም ሁለተኛ በመሆናቸው ቅር ብሏቸው አያውቅም። «ሐኪሙ መርፌ አለው፣ እኔ ደግሞ ጊዜ አለኝ» ይላሉ፤ ከዚያም የመጣውን ሰው አስቀምጠው ስለ ልጆቹ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ ቡናው ይጠይቁታል። ጨዋታው ብቻ ቀለል አድርጎት የሚመለስም አለ።

አዴ ዘይቡ ከዕፅዋት ጋር የሚኖሩት እንደ ጎረቤት ነው። «አሰላሙ አለይኩም» ሳይሉ አንዲት ቅጠል አይበጥሱም። ጥላቸው ተክሉ ላይ እንዳያርፍ ፊታቸውን ወደ ፀሐይ አዙረው ይቆማሉ። እንደ ጎረቤትም የእያንዳንዱን ጠባይ ያውቃሉ። በሐምሌ ዝናብ የኮባ ቅጠል ደፍተው የሚወጡት ቅጠል ለመልቀም ነው፤ ያኔ ጉልበቱ ሁሉ ከላይ ነው። የካቲት ላይ ቡና ሲያብብ ግን ምንም አይነቅሉም፤ «ሰርግ ቤት ገብቶ ዕቃ የሚያነሳ ማን ነው?» ይላሉ። ሥር የሚቆፈረው ጥቅምት ነው፤ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መሬቱ ሳይደርቅ፣ ያውም በማለዳ፣ ቢበዛ ለዐሥር ቀን። እሱ ካለፈ ሥሩ በሩን ይዘጋል፤ እስከ መጪው ጥቅምት ቢያንኳኩ አይከፍትም።

ከእናታቸው የወረሱት ሌላም ሕግ አለ። ተቆፍሮ የወጣ መድኃኒት፣ በሽተኛው እስኪድን ድረስ ስሙ አይጠራም። ከተጠራ መድኃኒቱ ይሞታል። ዳማከሴና ጤና አዳምስ የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ ቢጠሯቸው አይቀየሙም። ሌሎቹ ግን ሁሉም ቅጽል ስም አላቸው። እሾሃሟ፣ ቀሚስ ጎታቿ፣ «ምራቴ» ትባላለች። ገደል አፋፍ ላይ ለብቻዋ የምትበቅለው «ፈቷ» ናት። ወንዝ ዳር ያለው፣ ሥሩ ሽበት ያወጣው፣ «ሽማግሌው» ነው። እውነተኛዋ ምራታቸው ፈድሊያ ቤቱን በገባች ሰሞን፣ «ነገ ምራቴን ከነሥሯ ነቅዬ ነው የማመጣት» ሲሉ ሰምታ ጓዟን ልትጠቀልል ምንም አልቀራትም ነበር።

በ1972 ዓ.ም. ጥቅምት ሽማግሌው የተፈለገው ለባህሪያ ነው። ባህሪያ የአዴ ዘይቡ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ የጉልበት ቁርጥማት ይዟቸው ሁለት ዓመት ቡና ለቀማ አልወጡም። ለቀማ ያልወጣች ሴት ደግሞ የአገሩ ወሬ ሁሉ ያመልጣታል።

«አንቺ፣ ሰው ሁሉ እየተጋባ እየተፋታ እኔ ከግድግዳ ጋር ቀረሁ እኮ!» እያሉ ያማርራሉ።

አዴ ዘይቡም «ኅዳር ላይ በእግርሽ ትወጫለሽ፣ ኢንሻላህ» ብለው ቃል ገቡላቸው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥራቸው ሥር ተቀምጠው ለፈድሊያ የነገውን ሥራ ይነግሯት ነበር።

«ነገ ማለዳ ሽማግሌውን ከወንዙ ዳር እናወጣዋለን።»

«እሺ እማ። ከባድ ናቸው?» አለች ፈድሊያ እየሳቀች።

«እንደ ዕድሜው ነው። ከእግሩ ጀምሪ፤ አንገቱን እንዳትነኪ፣ ይሰበራል። ከዚያ በጨርቅ ጠቅልለን ባህሪያ ጓዳ እናስገባዋለን። ሦስት ቀን ብርሃን አያይም። ሰው ከጠየቀሽ አላየሁም በይ።»

ከአጥሩ ማዶ ኢስሃቅ ያልፍ ነበር። ኢስሃቅ ድሮ ልብስ ሰፊ፣ አሁን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ነው፤ ጠመንጃ ከታጠቀ ወዲህ ጆሮው ሰፍቷል። ጊዜውም የተደበቀ ሰው በየጓዳው የሚፈለግበት ጊዜ ነው። ሽማግሌ፣ ወንዝ ዳር፣ አንገት፣ ጓዳ… የጎደለውን ኢስሃቅ ራሱ ሞላው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ባህሪያ ቤት ገባ። «ሽማግሌውን አውጡ!» አለ።

ባህሪያ እግራቸውን ዘርግተው እንደተቀመጡ፣ «የኔ ሽማግሌ ከሞተ ስምንት ዓመቱ። ካገኘኸው ይዘህልኝ ና» አሉት።

ኢስሃቅ ጓዳ ገብቶ ከአልጋው ሥር የተጠቀለለ ነገር ጎትቶ አወጣ። ፈታው። ጭቃ የያዘ፣ ጢም ያለው ሥር ነው። አፈረ፤ ያፈረ ሰው ግን ባዶ እጁን መመለስ አይወድም። ሥሩንም፣ እዚያው የነበሩትን አዴ ዘይቡንም ይዞ ቀበሌ ሄደ።

ሊቀመንበሩ ጓድ ገመቹ ሥሩን አገላብጦ አየው።

«አዴ ዘይቡ፣ ምንድን ነው ይሄ?»

«ሽማግሌው ነው።»

«ስሙን ነው የምጠይቅዎት።»

አዴ ዘይቡ ከሥሩ ላይ ጭቃውን በጣታቸው ጠረጉ።

«መርዝ ነው እንዴ?»

«አስተግፊሩላህ!»

«እንግዲያው ስሙን ይንገሩኝ። መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ‹አንድ ሽማግሌ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተያዘ› ልበል? ካልነገሩኝ ሥሩን ወረዳ እልከዋለሁ።»

«ብነግርህ መድኃኒቱ ይሞታል። ብትልከው ደግሞ ዐሥሩ ቀን ዛሬ አብቅቷል፣ ሌላ አልቆፍርም። ባህሪያ እስከ መጪው ጥቅምት ልትቀመጥ ነው። ምላሷን ታውቀዋለህ፤ ዓመቱን ሙሉ ሥራዋ አንተን መርገም ይሆናል።»

ገመቹ የባህሪያን ምላስ ያውቃል። ግን ኢስሃቅ በር ላይ ቆሟል፣ ወሬውም ገበያ ደርሷል፤ እንዲሁ ቢለቃቸው ነገ ምን ሊባል ነው? መልስ ይጠብቃል።

አዴ ዘይቡ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው ወረወሩ። የቀበሌው አዳራሽ የመሠረተ ትምህርት ክፍልም ነው። ከሐምሌ ጀምሮ፣ ከጅማ የመጣችው ዘማች ሙሉእመቤት እዚያው አግዳሚ ላይ አስቀምጣ ፊደል አስቆጥራቸዋለች። በጥቁር ሰሌዳው ላይ የትናንቱ ትምህርት ግማሹ አልጠፋም። እናታቸው ያሉት «አይጠራም» ነው። «አይጻፍም» አላሉም፤ መጻፍ የሚባል ነገር ወደ ቤታቸው ይመጣል ብለው መቼ አሰቡና!

«ጠመኔ ስጠኝ» አሉ።

እያንዳንዱን ፊደል እንደ ችግኝ አስተካክለው እየተከሉ፣ ምላሳቸውን ነክሰው ጻፉ። ሲጨርሱ የኢስሃቅ ከንፈር መንቀሳቀስ ጀመረ።

«አፍህን ዝጋ! በዓይንህ ብቻ አንብብ!»

ኢስሃቅ፣ ጠመንጃውን እንዳነገተ፣ አፉን በመዳፉ ከደነ። ገመቹ አንዴ አነበበ። አንዷ ፊደል እግሯ ተሳስቶ ነበርና ደግሞ አነበበ። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ግቢው ተመለከተ፤ ሳቁን ሲውጥ ትከሻው ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ? ይሄ ነው?»

«ኤዬ፣ ነው። አሁን አጥፋው።»

ገመቹ ራሱ ተነስቶ ሰሌዳውን በእጅጌው ጠረገው። መዝገቡ ላይም «ተጣርቶ ሽማግሌው ንጹሕ ሆነው ተገኝተዋል» ብሎ ጻፈ ይባላል።

ሽማግሌው ወደ ጓዳው ተመልሶ ሦስት ቀኑን እንደ አዲስ በጨለማ ጨረሰ። ከዚያ ተቀቀለ፤ አዴ ዘይቡ ጠዋትና ማታ ለብ ባለው ውኃ የጓደኛቸውን ጉልበት ያሻሉ፣ እያሹም የሰፈሩን ወሬ አንድ በአንድ ያወሩላቸዋል። በኅዳር አጋማሽ ባህሪያ ከዘራ ይዘው ለቀማ ወጡ፤ እስከ ቀትር ግማሽ ቅርጫት ቡናና ሙሉ ቅርጫት ወሬ ለቀሙ።

ያን ዕለት ማምሻውን ሁለቱ ወደ ወንዙ ወረዱ። በሽተኛው ሲድን ከመድኃኒተኛው ጋር ተክሉ ዘንድ ሄዶ ያመሰግናል፤ ስሙም ያኔ አንዴ ይጠራል። አዴ ዘይቡ ፊታቸውን ወደ ፀሐይዋ አዙረው «አሰላሙ አለይኩም» አሉና ስሙን ጮክ አድርገው ጠሩት። እዚህ አይጻፍም፤ ጉልበቱን የሚያመው አንባቢ አይጠፋም።

የባህሪያ ከዘራ ከእጃቸው ወደቀ።

«ምን? ይሄ? አህያዬን የማስርበት? ቀበሌው ግቢ እየበቀለ ገመቹ በየወሩ የሚያስመነጥረው?»

«እሱው ነው።»

«አንቺ ቀጣፊ! እኔ እኮ ከሩቅ አገር የመጣ መስሎኝ፣ ለጎረቤት ሁሉ ስኮራበት!»

«ታዲያ ጥቅምት ላይ ብነግርሽ ኖሮ ጉልበትሽን ታስነኪኝ ነበር?»

ባህሪያ አሰብ አደረጉ። «ወላሂ አላስነካሽም» አሉ።

«በይ አመስግኚው።»

ባህሪያ ጎንበስ ብለው፣ ያውም ሳያቃስቱ፣ ከዘራቸውን አነሱ። «አላህ ያክብርህ። አህያዬንም ሌላ ቦታ አስራለሁ» አሉት ለቁጥቋጦው።

ሲመለሱ ድልድዩ ላይ ኢስሃቅ ቆሞ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ሳይጠይቅ አላለፈም፦ «አዴ ዘይቡ፣ ሽማግሌው እንዴት ናቸው?»

የመለሱለት ባህሪያ ናቸው፤ ከዘራውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው እየተራመዱ።

«ደህና ናቸው! ሊያገቡኝ ነው!»