በቀን ያልተነገረው ተረት

እኔ ልጅ ሳለሁ፣ ሰበታ ላይ፣ ፀሐይ ካልጠለቀች ተረት አይነገርም ነበር። በቀን ተረት ያወራ ሰው ከብቱ ይጠፋበታል። ለምን ይጠፋበታል ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ያኔ ደንብ ይጠበቃል እንጂ አይጠየቅም። ዛሬ ልጆቼ «እማማ ወግ አጥባቂ» እያሉ ሲያሾፉብኝ አልቀየምም፤ እውነታቸውን ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ከመቀመጫው የማይነሳ ልጅ ሳይ ደሜ ይፈላል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር እልል የሚል ሰውም አይገባኝም። ይህን ሁሉ የተማርኩት ከአያቴ ምድጃ ዳር ነው፤ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝን ነገር ያገኘሁትም እዚያው ነው።

አያቴን አባባ በላቸው እንላቸው ነበር። በወጣትነታቸው ከቡልጋ መጥተው የአካባቢውን ልጅ አግብተው የቀሩ፣ ኦሮምኛውን እንደ አማርኛው የሚያቀላጥፉ ባለርስት ነበሩ። የጃንሆይ ስም ሲነሳ ባርኔጣቸውን ከራሳቸው ያነሳሉ፤ በቤት ውስጥም ቢሆን፣ ከእኛ ሌላ የሚያያቸው ባይኖርም። ማታ ማታ ከአጠገባቸው የማይጠፉት ኦቦ ቶሎሳ ነበሩ። መሬታቸውን የሚያርሱላቸው ጭሰኛ ናቸው፤ ግን በዚያ ምድጃ ዳር ጭሰኛና ባለርስት መሆናቸው ትዝ የሚለው ሰው አልነበረም፤ ወይም ለእኔ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

ያኔ፣ ከብቱ ገብቶ፣ በሩ ገርበብ ብሎ፣ የእርጥብ ባሕር ዛፍ ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ኩራዟ ከምሰሶው ላይ እየተርገበገበች፣ አባባ የበቆሎ እሸት ፍሙ ላይ ደርድረው በባዶ ጣታቸው እያገላበጡ ይጠብሱ ነበር። ጥርሳቸው ስላለቀ እሳቸው አይበሉም፤ እየፈለፈሉ መዳፌ ላይ ያደርጉልኛል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር በልቻለሁ፤ እንደዚያ የጣፈጠኝ የለም።

«ተረት ተረት!» ይላሉ።

«የላም በረት!» እንላለን።

«ላሚቱስ የማን ናት?» ይጨምራሉ ኦቦ ቶሎሳ፣ ሁልጊዜ።

«አንተ ሰውዬ፣ ላሚቱን ተዋትና ተረቱን ስማ!» ይላሉ አባባ፤ ሁለቱም ይስቃሉ። እኔም ሳይገባኝ አብሬ እስቃለሁ።

ንጉሡ ከዙፋናቸው ሊወርዱ ዓመት ሲቀራቸው፣ በክረምት፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ወንድሜ ሰይፉ ለእረፍት መጣ። ጠጉሩን አጎፍሯል። እወደው ነበር፤ እንደ ነፍሴ ነበር የምወደው። በመጣ በሦስተኛው ቀን አባባ አዲስ ተረት ጀመሩ።

«አንድ መንደር መካከል ያረጀ ዝግባ ነበር። አያት ቅድመ አያት ከጥላው ሥር ሲዳኝ፣ ሲታረቅ ኖሯል። ኋላ ልጆቹ ‹ይኼ ዛፍ ፀሐይ ከለከለን፣ ከሥሩም እህል አይበቅል፣ ይቆረጥ› ብለው መጥረቢያ ይዘው መጡ። የፊተኛው ልጅ መጥረቢያውን ከፍ ሲያደርግ ዛፉ ተናገረ። ‹ቁረጡኝ፣ ግድ የለም። ከመቁረጣችሁ በፊት ግን አንዲት ነገር ስሙኝ› አላቸው...»

እዚህ ላይ ሰይፉ ሳቀ። «አባባ፣ ዛፉማ ጃንሆይ ናቸው፤ አይደለም?»

ወይ ጉድ! ተረት ተጀምሮ ይቋረጣል?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» አሉ አባባ ቆጣ ብለው።

«ሰማዩስ አይታረስ። መሬቱስ? ይኸው ኦቦ ቶሎሳ ዕድሜ ልካቸውን ያርሳሉ፤ ምርቱ ሲደርስ ለአንቱ ጎተራ ነው። ይኼ ፍርድ ነው?»

እናቴ አፏን በነጠላዋ ያዘች። አባባ ወደ ሰይፉ አልዞሩም፤ ወደ ጓደኛቸው ዞሩ።

«ቶሎሳ፣ በድዬሃለሁ?»

ኦቦ ቶሎሳ እሳቱን አዩ፣ አዩ፣ አዩና ተነሱ።

«መሽቷል፣ ጌታዬ። ነጋን ቡላ» ብለው፣ በኦሮምኛ ደህና እደሩ ብለው ወጡ። ሌላ ጊዜ «በላቸው» ነበር የሚሏቸው። አባባ ፍሙን በአመድ ዳፍነው ወደ መኝታቸው ሄዱ።

ወንድሜ ልክ ነበር። ይህን የምለው አርጅቼ ነው፤ ያኔማ ልነክሰው ነበር የቃጣኝ። ግን ልክ የሆነ ነገር ሁሉ በሰው ተረት መካከል አይነገርም፤ ይኼን ደግሞ ማንም አያስጥለኝም።

ኦቦ ቶሎሳ ማረሳቸውን አልተዉም፤ ማታ መምጣቱን ግን ተዉ። ሰይፉም ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። እኔ በየማታው «አባባ፣ ዛፉ ምን አለ?» እያልኩ እነዘንዛቸዋለሁ። «ቶሎሳ ሲመጣ» ይሉኛል፤ የጓደኛቸውን በርጩማ ከቦታው አላነሱትም። ያ መስከረም ለእኔ ከዚህ ሌላ ሐሳብ አልነበረበትም፤ ዛፉ ምን አለ?

መስቀል ሳይደርስ አባባ ታመው ተኙ። አንድ ቀን እናቴ ውሃ ልትቀዳ ወርዳ ብቻችንን ሳለን ጠሩኝ።

«ነይ የኔ እመቤት። ዛፉ ያለውን ልንገርሽ።»

ወደ በሩ ዞር ብዬ አየሁ። ፀሐይዋ ደጃፉ ላይ ተዘርግታለች። ላሞቻችን መስኩ ላይ ይታዩኛል።

«አባባ! ገና ቀን እኮ ነው! ከብቱ ይጠፋብናል!»

ብዙ አዩኝ። ሳቁ፤ ሳቁ ሳል ሆነባቸው። «አዬ፣ ልክ ነሽ። እኔው ነኝ ያስተማርኩሽ። እሺ፣ ማታ ይሁን።»

ደንብ በማስከበሬ ኮራሁ! እየሮጥኩ ኦቦ ቶሎሳ ቤት ሄጄ «ማታ አባባ ተረቱን ሊጨርሱት ነው፣ ይምጡ» አልኳቸው። ራሴን ዳበሱኝ። ተመልሼ ምድጃውን ጠረግሁ፣ በርጩማውን ወለወልኩ፣ ፀሐይዋን እያየሁ ቁጭ አልኩ። እንደዚያ ቀን ፀሐይ ቀስ ብላ ሄዳ አታውቅም።

ሳትጠልቅ የእናቴን ጩኸት ሰማሁ።

ኦቦ ቶሎሳ እሸት ታቅፈው ሲመጡ ለቅሶው ደጃፍ ላይ ተቀበላቸው። እሸቱን ጭቃው ላይ ለቀው ገቡና ራስጌው ተቀምጠው «በላቸው፣ በላቸው» እያሉ አለቀሱ። ጌታዬ አላሏቸውም። አባባ ግን አልሰሙ!

ለአርባው ሰይፉ መጣ። «ተረቱን ጨረሱልሽ?» አለኝ። የሆነውን ስነግረው በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። በዓመቱ ንጉሡ ወረዱ፤ ኋላም ኦቦ ቶሎሳ ያረሱትን መሬት አገኙ፣ እሰይ፣ ይገባቸዋል። ሰይፉ ግን በተከተለው ግርግር ከቤት እንደወጣ ቀረ። እሱን ከቀበረው ሰው ጋር እንኳ ተገናኝቼ አላውቅም።

ዛሬም ጾሜን እጾማለሁ፣ ታላቄን አንቱ እላለሁ። ከአባባ ደንቦች አንዷን ብቻ አፍርሻለሁ። የልጅ ልጆቼ በጠራራ ፀሐይ መጥተው «ተረት ንገሪን» ሲሉኝ፣ ሥራዬን ጥዬ እነግራቸዋለሁ፤ ከብት ይጥፋ እንጂ!

ዝግባው ጋ ስደርስ «እማማ፣ ከዚያስ ዛፉ ምን አለ?» ይሉኛል።

«እንጃ ልጆቼ» እላቸዋለሁ። «ሊነግሩኝ ነበር፤ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩ።»