የባለቁልቋሏ ጭንቅላት

ዛሬ ጠዋት የልጅ ልጄን ዳይኖሰር ቀቅዬ ጨረስኩት።

እንዳትስቅ። ወይም ሳቅ፤ ቤቱ ሁሉ ሲስቅብኝ ነው የዋለው። አሻንጉሊቷ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ካርቶን ውስጥ ታጥፋ ስለነበር አንገቷ ወደ ጎን ተጣሟል። የተጣመመ ፕላስቲክ ደግሞ ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንሽ ነከር ተደርጎ ሲወጣ እንደ ሰም ይታዘዛል፤ ይህን ጥበብ ከድሮ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ምራቴን ሳላስፈቅድ የወተት ድስቷን ጣድኩና አሻንጉሊቷን ነከርኩ፤ ውኃው ሞቅ እስኪል ብዬም ሬዲዮ ከፈትኩ። ሬዲዮ ከፍቶ ያላንቀላፋ ሽማግሌ ካየህ ንገረኝ። የቀሰቀሰኝ ሽታው ነው። ስደርስ ውኃው አልቋል፤ ጭንቅላቷ ቀልጦ ከድስቱ ቂጥ ጋር ተጣብቋል። የልጅ ልጄ ተንጠራርታ አየችና "አባባ፣ ሾርባ ነው?" አለችኝ። ምራቴ ዝም ብላ መስኮቱን ከፈተች። እኔ የምፈራው ደግሞ ያንን ዝምታዋን ነው።

መስኮቱ ባይከፈት በወደድኩ። ያ ሽታ፣ ጣፋጭ መስሎ ጉሮሮ የሚከረክረው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ፣ ከወንበሬ አንስቶ ከድሮ ወዳጄ ከልብስ ሰፊው በረንዳ ላይ አስቀምጦኝ ነበር።

ደርግ ወድቆ ብዙም አልቆየም። እኔ ሶዶ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ገና ጎረምሳ፣ ፀጉሬም በቦታው ያለ። በዚያን ሰሞን ሰልባጅ እንደ ጎርፍ ነበር የሚገባው። ልብስ ሰፊው ቦንዳ ሲፈታ እየሄደ የማይሸጠውን ትልልቅ ኮት በርካሽ ያመጣና በረንዳው ላይ በእግር መኪናው እያጠበበ ይሸጣል። ከኮቶቹ ኪስ አንዳንዴ መሐረብ ይወጣል፣ አንዳንዴ የባሕር ማዶ ልጅ የረሳው የፕላስቲክ ዳይኖሰር። እሱን ሳይሸጥ ያስቀምጠዋል።

እንዲህ ሆኖ ተጀመረ። ልብስ ሰፊው፣ የሰፈሩ ወንጌላዊና እኔ፣ ሦስት ሙሉ ሰዎች፣ ዳይኖሰር ሰብሳቢዎች ሆንን። መሰብሰብ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ እንፈርድባቸውም ነበር። ዱቡሻ በወላይታ ሽማግሌ ተቀምጦ ነገር የሚቆርጥበት ሜዳ ነው። እኛም ያንን በረንዳ ዱቡሻ አልነው፤ እውነተኞቹ ሽማግሌዎች ቢሰሙን ኖሮ ከብት ይቀጡን ነበር። አዲስ አሻንጉሊት በመጣ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እያንዳንዳችን ያየነውን ጉድለት እንናገራለን። ትክክል ከሆነ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፣ ስህተት ከሆነ ጆንያ ይገባል። አንድ የማይጣስ ሕግ ነበረን፤ በእጅ ያልተያዘ ነገር አይፈረድበትም። ወሬና "አየሁ" ማለት አይሠራም፤ አምጥተህ ታስይዛለህ።

ሕገ መንግሥታችን አንዲት ገጽ ነበረች። ከባዕድ አገር መጽሐፍ የተቀደደች ሆና ለውዝ ተጠቅልሎባት ነው ያገኘናት፤ ዘይቱ ገና አልደረቀም ነበር። የእንስሳቱ ሥዕል በመደዳ ተሰልፏል። ባለ አጭር እጁ ትልቁ ሥጋ በሊታ ሁለት ጣት ብቻ እንዳለው ከእሷ ነው ያወቅነው። አንድ ቀን እኔ በኩራት ያመጣሁት አሻንጉሊት ሦስት ጣት ተገኘበት።

"ጆንያ!" አለ ወንጌላዊው።

"አንተ እኮ መኖራቸውንም አታምንም" አልኩት ተናድጄ።

"መኖራቸውን ፈጣሪ ይወቀው። ከኖሩ ግን ሁለት ጣት ነው የነበራቸው።"

እኔም አላረፍኩለትም። ረቡዕና ዓርብ ሥጋ በሊታዎቹን በእጄ አልነካም፣ ጾም ነው እል ነበር። "መምህር፣ አንተ እነሱን አትበላም፤ እነሱ ናቸው አንተን የሚበሉህ!" እያለ ከሳቁ ብዛት ከወንበሩ ይንሸራተታል።

ገጿ ግን አንድ እንከን ነበረባት። ዳር ላይ ተቀድዳለች፤ የተቀደደችውም ከአንዷ እንስሳ አንገት ላይ ነው። ጀርባዋ ላይ የቁልቋል ቅጠል የመሰለ ነገር ከአንገት እስከ ጅራት የተተከለባት፣ ጅራቷ ጫፍ ላይ ጦር ያለባት ጉድ ነበረች። ባለቁልቋሏ አልናት። ጭንቅላቷ ለውዙን ከበላው ሰው ጋር ሄዷል። የሷን ጭንቅላት ነገር ስንት ዝናብ ስንት በጋ ተከራከርንበት። ወንጌላዊው "ይህን ሁሉ ሰውነት የሰጠ ጌታ በጭንቅላት አይሰስትም፣ የበሬ ያህል ነው" ይላል። እኔ የተማርኩ ነኝና "እንሽላሊት መሳይ፣ መካከለኛ" እላለሁ፤ ኮሌጅ የተማርኩት ስለ እንቁራሪት ብቻ መሆኑን ማንም አልጠየቀኝም። ልብስ ሰፊው ከመኪናው ቀና ሳይል፣ "የዶሮ ያህል ናት" ይላል።

"በምን አወቅህ?"

"ታ ኢሻ፣ ወንድሜ፣ ስንት ደንበኛ አለብሳለሁ መሰለህ። እንዲህ አጊጣ የምትወጣ፣ ጭንቅላቷ ትንሽ ነው።"

ከዚያ ዝናቡ ገባ። የዳሞታ ተራራ ከጠዋት ጀምሮ ጉም ተከናንቦ በሚውልበት ሰሞን አንድ አዲስ አሻንጉሊት መጣ፤ አንገተ ረጅም፣ የበቆሎ ፍሬ የሚያካክሉ ቢጫ ዓይኖች የተቀቡለት። ልብስ ሰፊው በመጀመሪያ ያዘው። ገለበጠው፣ ጅራቱን በጣቱ ለካ፣ ወደ ፊቱ አስጠጋው።

"እግሯ ልክ ነው" አለ። "ጅራቷ ልክ ነው። ዓይን ግን ረስተውላታል።"

ወንጌላዊው ሳቀ። እኔማ የልብስ ሰፊውን ጉልበት እየመታሁ ነው የሳቅኩት፤ "ዛሬስ ገደልከን!" ያልሳቀው እሱ ብቻ ነበር። ባለቤቱ በሩ ላይ ቆማ ትሰማን ነበር።

"ክር የማስገባለት እኔ ነኝ" አለች በቀስታ። "ከጊፋታ በዓል ወዲህ።"

ያን ቀን ለአንገተ ረጅሙ አልተፈረደም። መኪናው ላይ ተቀምጦ በቢጫ ዓይኖቹ ሲያየን አመሸ።

ዱቦ ሆስፒታል ይዘነው ሄድን። ሐኪሙ ብዙ ጊዜ ወስዶ አየው፣ ቀስ ብሎም ነገረን። የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረችውን ግን ጠብታው ጥቂት ያቆያት ይሆናል። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ልብስ ሰፊው በመስኮት በኩል የእንሰቱን ማሳ ሲያይ መጣ። ጭንቅላቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል፤ ሙሉውን በአንዴ ማየት ስለማይችል።

"በመርፌ ቀዳዳ ነው የማየው፣ ታ ኢሻ" አለኝ። "ዓለም ክር ሆናለች።"

የቀረችውን ብርሃን ምን ላይ እንደሚያውላት አስቦ ነበር። ባለቁልቋሏን ፈልገን እንድናመጣለት ጠየቀን። ከመጨለሙ በፊት ጭንቅላቷን ልይ አለ። ባለቤቱ ይህን ስትሰማ ያፈላችውን ሻይ መሬት ላይ አስቀምጣ፣

"አብደሃል?" አለችው። "የልጆችህን ፊት አጥና እንጂ! ፕላስቲክ ነው የምታየው?"

"የነሱን በቃሌ ይዣለሁ" አላት። "ብነቃም ብተኛም ይታየኛል። እኔ ያላየሁትን ነው ማየት የምፈልገው። አንዲት ያላየኋት ነገር አይቼ ልጨልም።"

ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ተነሥታ ለእኔ የመንገድ ጎዳሬ ቀቀለችልኝ፤ ከነዳታው፣ ከነቃሪያ ድልሁ።

እንግዲህ ሩጫዬን እይልኝ። ትምህርት ቤት ደወል ሲደወል ከተማሪዎቼ ቀድሜ የምወጣው እኔ ነበርኩ። የሶዶ ቦንዳ ፈቺዎችን የኮት ኪስ ሁሉ በረበርኩ፤ አንዷ ሌባ መስያት በመስቀያ መታችኝ። ገበያው ሲቆም ተበላ ከተማ ወርጄ በዚያ ሙቀት ከጨርቅ ክምር ክምር እዞራለሁ። ገሱባ በጭነት መኪና ስሄድ መንገዱ አንጀቴን ቦታ ቦታውን አስለቀቀው። እዚያ ከሩቅ አረንጓዴ ነገር፣ ጀርባው ላይ የተደረደረ ጥርስ ያለው፣ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ አየሁ። ሰው እየገፈተርኩ ሮጬ ደረስኩ። ማበጠሪያ ነበር።

በተመለስኩ ቁጥር ልብስ ሰፊው ኮቴዬን ይለየዋል።

"ጭንቅላቷስ?"

"መንገድ ላይ ናት" እለዋለሁ።

የሚያይባት ቀዳዳ ግን እየጠበበች ነበር። አንድ ከሰዓት ስደርስ የሙሽራ ቀሚስ ይዞ፣ ጣቱን ከመርፌው ሥር አስገብቶ ሰፍቶት አገኘሁት። በነጩ ጨርቅ ላይ ደሙ ይሰፋል። እሱ ደሙን አላየም፤ "ቀሚሷ ረጠበ እንዴ?" ብሎ ይጠይቀኛል። ወንጌላዊው ዘወር አለ። እንደዚያ ቀን ዓይኔን ነቅዬ ብሰጠው ብዬ አላውቅም፤ እርግጥ የኔ ዓይን ማበጠሪያና ዳይኖሰር የማይለይ ነው፣ ብዙም አይጠቅመውም ነበር።

በመጨረሻ ተበላ ላይ አገኘኋት። አንዲት ሰልባጅ ሻጭ ነፋስ ሸራዋን እንዳያነሣባት ጥግ ላይ ጭናታለች። ቁልቋሏ በሁለት መስመር እያለፈ እያለፈ ተተክሏል፣ ጅራቷ ላይ ጦሩ አለ። አነሣኋት። አንገቷ ላይ የጥርስ ምልክት ብቻ ነበር። ባሕር ማዶ ልጅ ይሁን ውሻ፣ አንዱ ጭንቅላቷን ገምጦታል።

"እናቴ፣ ጭንቅላቷስ?" አልኳት።

"ጭንቅላት የፈለገ ሉካንዳ ይሂድ" አለችኝ።

ያን ሰዓት መንገድ ዳር ተቀምጬ እንደ ልጅ አለቀስኩ ብልህ ታምነኛለህ? ተሳፋሪዎች ገንዘብ የተሰረቀብኝ መስሏቸው ያጽናኑኝ ነበር።

በማግስቱ ወንጌላዊው ቤት፣ የተሰበረ አረንጓዴ ሳፋ ቆራርጠን ከሰል ላይ አቀለጥን። ጭንቅላት ልንሠራላት ነው። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። እኔ ለበሬ የሚበቃ ፕላስቲክ ስቆርጥ፣ ያን ሁሉ ዘመን ለበሬ ጭንቅላት ሲሟገት የኖረው ሰው እጄን ያዘኝ።

"ተው መምህር" አለ። "ዛሬ ዶሮ ይሁንለት።"

በራሱ እጅ፣ ጣቱ እየተቃጠለ፣ ትንሽዬ ጭንቅላት ድቡልቡል አድርጎ አወጣ። በጋለ ሚስማር ከአንገቷ ጋር አያያዝናት።

እኩለ ቀን ላይ፣ ብርሃኑ በሚበረታበት ሰዓት፣ በር ላይ አስቀምጠን አስያዝነው። ልብስ ሰፊው ፊቱን አዘነበለና ቀዳዳዋን ፈልጎ ጭንቅላቷ ላይ አሳረፋት። ረጅም ጊዜ አያት። ፈገግ አለ። ከዚያ አውራ ጣቱ አንገቷ ላይ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቆመ።

"ይቺን ስፌት ማን ሰፋት?"

ወንጌላዊው የተቃጠለ ጣቱን ከኋላው ደበቀ።

"ጭንቅላቷ ቆንጆ ናት" አለ ልብስ ሰፊው። "እጃችሁ ይባረክ። የሷ ግን አይደለችም።" ወደ እኔ ዞረ፤ ዓይኑ ከፊቴ ይልቅ ትከሻዬ ላይ ነበር። "ዱቡሻው ይጠብቃል። የራሷን አምጣልኝ።"

"እሺ" አልኩት። አገሩ ሁሉ እሺ እንደሚል።

ክረምቱ ሳይወጣ ጨለመበት። መኪናውን ለወንድሙ ልጅ ሰጠ። ወንጌላዊው ወደ ሌላ አጥቢያ ተመደበ፣ የእኔም የዝውውር ደብዳቤ ከአርባ ምንጭ መጣ፤ ዱቡሻው ተበተነ። ሙሉዋን ገጽ ከዓመታት በኋላ በሄድኩበት አገር አንድ ትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ አገኘኋት። ጭንቅላቷ የዶሮ ያህል ነበር። ለዕረፍት ስመጣ ለልብስ ሰፊው ነገርኩት፤ ሳቀብኝ፤ "በእጅ ያልተያዘ አይፈረድበትም" አለኝ።

ያን ሁሉ ዓመት ምን ስትሠራ ከረምክ ትለኝ ይሆናል። ልክ ነህ። በኋላማ ሱቁ ሁሉ ዳይኖሰር ሆነ። አነሣቸዋለሁ፣ ጣት እቆጥራለሁ፣ ባለሱቁ ያፈጥብኛል። ባለቁልቋል አይጠፋም፤ ግን ለሁሉም ከአንድ ቅርጽ የወጣ የአዞ አፍ ነው የሚተክሉላቸው። የሐሰት ጭንቅላት ለሁለተኛ ጊዜ ላስይዘው አልፈለግኩም። ደግሞም ሰው ነኝና፣ ነገ እላለሁ።

ልጄ ለልጁ የላካት ግን እውነተኛዋ ነበረች። ትናንት ማታ መነጽሬን አድርጌ ፈረድኩላት፤ ቁልቋሉ ልክ፣ ጦሩ ልክ፣ ጭንቅላቷ ትንሽዬ፣ ልክ። ከልጅ ልጄ ለአንድ ቀን ተዋስኳት። የቀረኝ አንገቷን ማቅናት ብቻ ነበር። ለእሱ ሲሆን ተጣማ እንዳትሄድ ብዬ።

ዛሬ ማምሻውን በልብስ ሰፊው በር አለፍኩ። ጡረታ ወጥቼ ወደ ሶዶ ከተመለስኩ ወዲህ ሳላልፍ ውዬ አላውቅም። በር ላይ ተቀምጦ ያቺን ከተበላ ያመጣኋትን ጉልበቱ ላይ ይዟታል። የሳፋው ጭንቅላት ከወደቀ ቆይቷል። አንገቷ ላይ ትንሽ የሱፍ ቁራጭ ሰፍቶላታል፤ ብርድ እንዳይመታት ነው ይላል። ስጠጋ አየሩን አሸተተ።

"ዛሬ ምን አቃጠልክ?"

"ምንም።"

ጣቱ ሱፉን ይዳብሳል።

"ጭንቅላቷስ?"

"መንገድ ላይ ናት" አልኩት።

"ቀስ ትበል" አለኝ፣ እጄን ፈልጎ አግኝቶ እየያዘ። "እኔ እንደሆንኩ ከዚህ አልነሣም።"

የራሴን ጭንቅላት ልስጠው ብዬ አስቤ ነበር፤ ከዛሬ ጠዋቱ ሥራዬ በኋላ በልኳ እንደሆነ ማንም አይጠራጠርም። ምን ላድርግ ታዲያ፤ ያለብኝ ዕዳ እንደሆነ ትንሽ ናት፣ የዶሮ ጭንቅላት ታህላለች።