ለቁርጭምጭሚቴ የተቀቀለው ንፍሮ

ሰው በሃምሳ ዓመቱ ከአውሮፕላን መዝለል ሲጀምር ምክንያት ይጠየቃል። በሃያ ዓመቱ ቢዘል ወጣትነት ነው ይባላል፤ በሰማንያ ቢዘል ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሃምሳ ዓመት ለሞላት ሴት ግን መልሱ ሦስት ብቻ ነው፤ ወይ ባሏ ጥሏታል፣ ወይ ሐኪም አንድ ነገር ነግሯታል፣ ወይ አብዳለች። እኔን ባሌ አልጣለኝም፤ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ሐኪሙም ከኮሌስትሮል በቀር የነገረኝ የለም። ሦስተኛውን ለአንባቢ እተወዋለሁ።

እውነተኛው ምክንያት ያን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። ኒው አልባኒ በምትባል የአሜሪካ ከተማ ባለው መጋዘን አብራኝ ዕቃ ስካን የምታደርግ ሴት ለልደቷ የዝላይ ትኬት ተገዝቶላት ፈራች። ትኬቱ ገንዘብ አያስመልስም፤ ስለዚህ ለእኔ ሰጠችኝ። አንድ ሰዓት ያህል ነድቼ በበቆሎና በአኩሪ አተር እርሻ መሀል ያለች ትንሽ አየር ማረፊያ ደረስኩ፤ ከጡረታ በኋላ የዝላይ አስተማሪ የሆነ ፖስተኛ ደረቱ ላይ አስሮኝ አብረን ወደቅን። ስለ መውደቅ ብዙ አንብቤአለሁ። መጻሕፍቱ ነጻነት ይሉታል፣ ነፍስ ይሉታል። ውሸት ነው። ጩኸት ብቻ ነው፤ ነፋሱ ጉንጭን ወስዶ ጆሮ ላይ ይሰቅለዋል። እኔ የወደድኩት ሌላ ነገር ነው፤ ለአንድ ደቂቃ ያህል ማንም ምንም ሊጠይቀኝ አልቻለም። ሱፐርቫይዘር የለም፣ "እትዬ፣ ይቺን ፎርም ሙይልኝ" የሚል የለም። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ደቂቃ መቼ እንደነበረኝ ለማስታወስ ሞከርኩ፤ አልመጣልኝም።

ብቻን ለመዝለል ላይሰንስ ያስፈልጋል፤ ላይሰንሱ ደግሞ ቢያንስ ሃያ አምስት ዝላይ ይጠይቃል። ስለ ዋጋው ኢንተርኔት ላይ የሚጻፈው ሁሉ በፈገግታ የተጻፈ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለት አስተማሪዎች ግራና ቀኝ ይዘውሽ ይዘላሉ፤ የሦስት ሰው ሒሳብ ትከፍያለሽ። ቀጥሎ አንድ አስተማሪ ይቀራል፤ ዋጋው ግን በግማሽ አይቀንስም። ከዚያ ብቻሽን ነሽ፣ በኪራይ ፓራሹት። ፓራሹት ማጠፍም ትማሪያለሽ፤ ለትምህርቱ ትከፍያለሽ። ሁሉም ሲደመር አራት ሺህ ዶላር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ነፋስ ሲበረታ ደግሞ ተማሪ አይዘልም። የቅዳሜ ኦቨርታይሜን ትቼ፣ ነድቼ ሄጄ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ የነፋሱን ኃይል የሚያሳየውን የጨርቅ ከረጢት ሳይ ውዬ፣ ነድቼ የተመለስኩባቸው ቀናት ከዘለልኩባቸው ይበልጣሉ። ይህን ሁሉ አላማርርም። ዋጋ ብዬ የምጽፈው ይህን አይደለም።

ከሁሉ በፊት ፎርም አለ። ገጹ ሁሉ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ብትሞቺ ማንም ኃላፊ አይደለም። በየአንቀጹ ጥግ ትፈርሚያለሽ። መጨረሻው ላይ አንድ መስመር ነበረች፤ አደጋ ቢደርስ ለማን እንደውል ትላለች። እኔ የእድራችንን ሊቀመንበር ስልክ ጻፍኩ።

አሁን ሳስበው ይህን ስህተት የእኛ ሰው ብቻ ነው የሚሠራው። ያኔ ግን ሌላ ቁጥር ለአፍታም አልታሰበኝም። ባሌ ሲሞት አስከሬኑን አገር ቤት የላከው እድሩ ነው። ከዚያ ወዲህ አባል በሞተ ቁጥር ሽንኩርት ከትፌአለሁ፣ ድስት አጥቤአለሁ፣ እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው የቀብር ድርጅቱን ወረቀት ቁጭ ብዬ አንብቤአለሁ። ብወድቅ ምን መደረግ እንዳለበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው ብዬ ነው። ልጄ ደግሞ ከማታውቀው ሰው በስልክ እንድትሰማ አልፈለግሁም።

ሃያ ሁለተኛው ዝላይ ላይ፣ መስከረም ውስጥ፣ አወራረዴን አበላሸሁት። መሬት ሊደረስ ሲል ሁለቱን መሪ ገመዶች ወደ ታች መሳብ ያስፈልጋል፤ እኔ ገና ከፍ ብዬ ሳለሁ ሳብኳቸው። ፓራሹቱ አየር ላይ ቆም አለና ጣለኝ። ቁርጭምጭሚቴ ተሰበረ። በአቅራቢያው ወዳለ ሆስፒታል ወሰዱኝና አጥንቱን ጠዋት እናስተካክላለን ብለው አሳደሩኝ። ስልኬን ፖስተኛው አመጣልኝ፤ ደህና ነኝ ብዬ ለልጄ ቴክስት አደረግሁላት፤ ሳቂታ ፊት ላከችልኝ። ነገሩ በዚህ አበቃ መሰለኝ።

የአየር ማረፊያው ጸሐፊ ግን ሥራዋን ሠርታ ነበር። ፎርሙ ላይ ላለው ቁጥር ደውላ መልእክት ትታለች፤ ስትዘል መጠነኛ አደጋ ደርሶባታል፣ ሆስፒታል ናት፣ እባክዎ መልሰው ይደውሉ። ሊቀመንበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ መልእክቱን ከነ ቃሉ ተረድተውታል። እንግሊዝኛ አልቸገራቸውም፤ ሃያ ዓመት ኤርፖርት ታክሲ ነድተዋል። የቸገራቸው አገራቸው ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት "ሞተ" ተብሎ አይደወልም። "ትንሽ አሟታል፣ ሆስፒታል ናት" ይባላል፤ የሰማውም ገብቶት ዝም ይላል። ከአውሮፕላን የወደቀች ሴት "መጠነኛ አደጋ" ደርሶባት ሆስፒታል ገባች ሲሏቸው ጋሼ ጸሐፊዋን በልባቸው አመሰገኗት፤ ፈረንጅ ሆና እንኳ ወጉን ታውቃለች። መልሰውም አልደወሉም። ለእኔማ ማን ይደውላል፤ ሙት ነኝ። ለልጄም መደወል ነውር ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ስለዚህ ለአባላቱ ቴክስት ላኩ፤ ሴቶቹ ስንዴና ሽምብራ ዘፈዘፉ።

በነጋታው እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዎች ጥቁር ለብሰው ዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት፣ ልጄ ከሦስት ተማሪዎች ጋር የተከራየችው ቤት ደጃፍ ቆሙ። በረንዳው ላይ የተቀደደ ሶፋና የቅዳሜ ቢራ ጣሳ ነበር። ልጄ በፒጃማ ወጣች። ጋሼ እንደ ደንቡ ሩቅ ጀመሩ፤ ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ፣ ስለ ሰው ልጅ ከንቱነት። ልጄ አማርኛው ሲበዛባት በእንግሊዝኛ፣ እናቴ ደህና ናት፣ ማታ ቴክስት አድርጋልኛለች አለች። ሴቶቹ ያን ጊዜ ባሰባቸው፤ ልጅቷ ገና አልሰማችም፣ የኔ ድሃ እያሉ አለቀሱላት። በመጨረሻ ስልኳን አውጥታ በስፒከር ደወለችልኝ።

አጥንቴን ሊያስተካክሉ ሊወስዱኝ ነበር። "ሄሎ" ስል ከወዲያ በኩል ለቅሶው ቀጥ አለ። "ተመስገን" የሚል ጠበቅሁ። የሞትኩ ሳልመስላቸው ብተርፍ ኖሮ ይሉኝ ነበር። የአንዲት ሴት ድምፅ ብቻ መጣ፤ አውቃታለሁ፣ ስንት ለቅሶ ላይ ከአንድ ድስት ጨልፈናል።

"ታዲያ ንፍሮው ምን ይሁን?"

ስቄአለሁ፤ ነርሷም አብራኝ ሳቀች። ቀልዱ መራራ መሆን የጀመረው ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በክራንች የእድሩ ስብሰባ ስሄድ። ወንበር አቀረቡልኝ፣ እግሬን ጠየቁኝ፣ ከዚያ ጋሼ አንድ ወረቀት ዘረጉ። በፈቃዴ ለሕይወት በሚያሰጋ ጨዋታ ብሞት እድሩን እንደማይመለከተው እንድፈርም ነው። ሳይተኙ ትራክ የሚነዱ አባላት አሉን፣ በሁለት ፈረቃ ልባቸው የሚቆምም አሉ፣ እነሱስ ፈረሙ ወይ አልኳቸው።

"እነሱ ለእንጀራ ነው፣ እህቴ" አሉ ጋሼ፣ በጣም በትሕትና። "ያንቺ ደስታ ነው።"

አዳራሹ ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያመኑትን ነው የተናገሩት። ያመኑት ደግሞ ሁላችንም እዚህ አገር ስንኖርበት የኖርነው ሕግ ነው። መጋዘን ውስጥ ወድቀሽ ብትሞቺ አስከሬንሽ በክብር ይሸኛል፤ ማንም ምንም ለማይጠይቅሽ አንዲት ደቂቃ ብለሽ ብትሞቺ የራስሽ ጉዳይ ነው። ባሌ የሞተው ሥራ ላይ ነበር። ያኔ ማንም ምንም አላስፈረመኝም።

የማላውቃቸው ሰዎች ፎርም ላይ በየጥጉ ስፈርም አላመመኝም፤ ከእነሱ ምንም አልጠብቅም ነበር። ይኼኛውን ግን አልፈረምኩም። በወሩ መጨረሻ ስሜ ከመዝገቡ መውጣቱን የሚገልጽ ጨዋ ቴክስት ደረሰኝ። አሥራ አንድ ዓመት የከተፍኩት ሽንኩርት የሚል አልነበረበትም።

በጸደይ፣ እግሬ ሲጠና፣ ሦስቱን ዝላይ ልጨርስ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ፎርሙን አውጥታ አንድ መስመር ባዶ ነው አለችኝ። ለካ ጋሼ ራሳቸው ደውለው ቁጥራቸውን አስሰርዘዋል። "በጣም ጨዋ ሰው ናቸው" አለችኝ።

ወደ መኪናዬ ወጥቼ ለልጄ ደወልኩላት፤ ያንቺን ቁጥር ልጻፍ ብዬ። እንደ ወትሮዋ በእንግሊዝኛ ሳይሆን በአማርኛ መለሰችልኝ።

"እማ፣ እኔን አታድርጊኝ። የዚያን ቀን በሩን ስከፍት ከቴክስቱ በኋላ የሞትሽ መስሎኝ ነበር። ስልኩን እስክታነሺው ድረስ ሦስት ጊዜ ነው የጮኸው።"

እኔ ይህን ሁሉ ጊዜ ነገሩን ለሰው ስተርክ የምጀምረው ከፒጃማውና ከንፍሮው ነበር። በስልኩ ሦስት ጥሪ መሀል የቆመች ልጅ እንዳለች አላሰብኩም። ይቅርታ አልኳት። ዝላዩን ልተወው ወይ አላልኳትም፤ እሷም ተይው አላለችኝም። ሁለታችንም ይህን ልብ ብለናል።

ተመልሼ ገባሁ። ጸሐፊዋ መስመሩ ባዶ ሊሆን አይችልም አለችኝ። እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁና የራሴን ስልክ ቁጥር ጻፍኩ። ዓይኗን እንኳ አላነሳችም፤ መስመሩ ሞልቷል።

ላይሰንሱን በሁለተኛው ሳምንት አገኘሁት። ወጋቸው ነው፤ ፖስተኛው ግንባሬ ላይ ማኅተም መታብኝ፣ እኔም አንድ ካርቶን ቢራ ገዛሁ፣ ስሜን በትክክል መጥራት የማይችሉ ሰዎች ጠጥተውልኝ ሄዱ። አሁን በየቅዳሜው እዘላለሁ። ስዘል ስልኬ በቁም ሳጥን ተቆልፎ ይቀራል። አንድ ቀን ጸሐፊዋ ብትደውል እዚያ ውስጥ ይጮኻል፤ ሦስቴም ይጩህ አሥሬ። የሚያነሳው የለም፤ ንፍሮም የሚዘፈዝፍ የለም።